አባቴ ሱዶኩ ሊጨርሱ ሲሉ ይበላሽባቸዋል፤ ስህተቱ የሚጀምረው የት ነው?

የኮምቦልቻ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አባቴ ነው።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የሒሳብ መዝገብ ሲይዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሱዶኩ ለምደዋል። ለማያውቅ፦ 81 ቤት ያለው የቁጥር እንቆቅልሽ ነው፤ ጥቂት ቁጥሮች ተሰጥተው ሌላው ቤት የሚሞላው ከ1 እስከ 9 ያሉት በየአግድሙ፣ በየቁልቁሉና ሦስት በሦስት በሆነው በየሳጥኑ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገቡ ነው። አመሻሽ ላይ የኮምቦልቻ ሙቀት በረድ ሲል በረንዳው ላይ ወንበር ያወጣሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከዚያ እራት እስኪቀርብ ማንም አያናግራቸውም። ስልክ ላይ መሥራት አይወዱም፤ ዓይኔን ያቃጥለኛል ይላሉ። ስለዚህ እኔ ከስልኬ እያየሁ ደብተር ላይ እገለብጥላቸዋለሁ፣ እሳቸው በስክሪብቶ ይሞላሉ።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ጥሩ ሲሄዱ ቆይተው አራት አምስት ቤት ሲቀር ነገሩ ይቆለፋል። አንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት 7 ይገኛል፣ ወይ ደግሞ 4 መግቢያ ታጣለች። ቀላል የሚባለው ላይ ሳይቀር። ያኔ ደብተሩን ከድነው "ይሄ ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነው" ይላሉ። መዝገብ ሲያመሳክሩ እንደለመዱት እያንዳንዱን አግድም ይደምራሉ። 45 ከመጣ "ይሄ ልክ ነው" ብለው ያልፋሉ።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ምኑ ላይ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ። እንዲሁ ተነስቼ "አባባ ተሳስተዋል" ማለት ይከብደኛል። ምክንያቱን ይዤ ብቀርብ ግን ይሰሙኛል።


ሐረጎ ቁልቁለት፦

ይሄማ አያስጨንቅም ወንድሜ። ሁለት ምርጫ ብቻ የቀረው ቤት ይፈልጉና አንዱን ይገምቱ። ካልሆነ ወደ ኋላ መመለስ ነው። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ ሚኒባስ ውስጥ እንደዚያ ነው የምሠራው። ሐረጎን ወርደን ሳንጨርስ አንዱ ያልቃል።


ፎቶ ኮፒ ቤት ፒያሳ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ሱዶኩ እያተምኩም እሸጣለሁ። ደንበኞቼ የተበላሸባቸውን ወረቀት ይዘው ይመጡና "እስቲ እይልኝ፣ የት ጋ ነው የሳትኩት?" ይሉኛል። ሻይዬን እየጠጣሁ ከመጀመሪያው ጀምሬ እከተለዋለሁ። እንደዚያ ሳደርግ ስለኖርኩ ሰው የት የት እንደሚስት አውቀዋለሁ ብል አላጋነንኩም።

ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ ግምት ያለውን ለአባትህ አትንገራቸው። እሱ የሚሠራው ስልክ ላይ ነው፣ ስልክ መመለሻ አለው። አባትህ ስክሪብቶ ይዘዋል። አንድ ቁጥር ገምተው፣ በእሷ ላይ ተመሥርተው ሌላ አሥር ቁጥር ከሞሉ በኋላ የተገመተችው የትኛዋ እንደነበረች ወረቀቱ አይነግራቸውም። ሁሉም እኩል ሰማያዊ ነው።

እኔ እንዳየሁት አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ሰው "ሊሆን ይችላል" የሚለውን "ነው" ብሎ ይጽፈዋል። ለምሳሌ 5ን ይዞ አንድ ባዶ ቤት ያያል። በአግድም 5 የለችም፣ በቁልቁልም የለችም፣ ሳጥኑ ውስጥም የለችም። ደስ ብሎት ይጽፋታል። ግን 5 እዚያው ሳጥን ውስጥ ሌላ ሁለት ቤትም መግባት ትችል ነበር። መግባት መቻልና ሌላ መግቢያ ማጣት ይለያያሉ። ስትጽፋት ምንም አይጋጭም፣ ስለዚህ ማንም አይነቃም።

ሌላ መግቢያ ማጣት ማለት እንዲህ ነው። የላይኛውን ግራ ሳጥን ያዝ፣ 7 የለችበትም እንበል። በመጀመሪያው አግድም 7 መካከለኛው ሳጥን ውስጥ አለች። በሁለተኛው አግድም ደግሞ ቀኝ ሳጥን ውስጥ አለች። ስለዚህ የግራው ሳጥን 7 የግድ ሦስተኛው አግድም ላይ ናት። እዚያ ያሉት ሦስት ቤቶች 5፣ ባዶ፣ 2 ከሆኑ ባዶው 7 ነው። እዚህ ላይ ስክሪብቶም ቢሆን ችግር የለውም፣ ምክንያቱን ጨርሰህ ተናግረሃልና።

ደንበኞቼን የማስለምዳቸው ይሄንኑ ነው። እጃቸው ከመጻፉ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በቃል ይበሉ። ወይ "እዚህ ቤት ከ7 ሌላ አይገባም፣ ምክንያቱም" ብለው ይጨርሱ፣ ወይ "በዚህ ሳጥን 7 ሌላ ቤት የላትም፣ ምክንያቱም" ብለው ይጨርሱ። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ካስቆማቸው እጃቸውም ይቁም። ይሄን አባትህ ይወዱታል ብዬ አስባለሁ። የሒሳብ ሰው ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይመዘግብም።

ስለ 45ቱ ደግሞ፦ ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 መሆኑ ልክ ነው። 45 ካልመጣ በእርግጠኝነት ስህተት አለ። 45 ስለመጣ ግን ልክ ነው ማለት አይቻልም። እስቲ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 5፣ 6፣ 8፣ 9 ደምርልኝ። 45 ነው። 4 እና 7 ግን የሉም፣ 5 እና 6 ሁለት ሁለት ጊዜ ገብተዋል። ደግሞም አግድሙ በራሱ ትክክል ሆኖ ቁልቁሉ ወይም ሳጥኑ ሊበላሽ ይችላል። በመደመር ፈንታ በጣታቸው እየነኩ "1 አለች፣ 2 አለች፣ 3 አለች" ቢሉ ይሻላል። ፈጣንም ነው።

ሳጥኑን መርሳትም በብዛት አያለሁ። መዝገብ የለመደ ዓይን አግድምና ቁልቁል መሄድ ይቀናዋል። ሳጥኑ ግን በሁለቱም መንገድ አይታይም። አንተ ደብተር ላይ ስትገለብጥ የዘጠኙን ሳጥኖች ድንበር ታደምቀዋለህ? 81 እኩል ቤት ብቻ አስምረህ የምትሰጣቸው ከሆነ ሳጥኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በመነጽርም አይለይ። ድንበሩን በማርከር ወፈር አድርገው።

አንድ ሌላ ነገር ልበል፣ ቅር እንዳይልህ። ግልባጩን እይ። "ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነው" የሚሉት አንዳንዴ እውነታቸውን ይሆናል። አንዲት የተሰጠች ቁጥር ወደ ጎረቤት ቤት ከሸሸች እንቆቅልሹ ጨርሶ መልስ ሊያጣ ይችላል። አንዷ ከተረሳች ደግሞ ብዙ መልስ ሊኖረው ይችላል። ያኔ አባትህ ምንም ሳይሳሳቱ ይቆለፋሉ። ስለዚህ ገልብጠህ ስትጨርስ በየአግድሙ ስንት ቁጥር እንዳለ ቆጥረህ ከስልኩ ጋር አመሳክር። የእጅ ጽሑፍም አለ። 1ን ከላይ መንጠቆ አድርጎ የሚጽፍ ሰው 7ን ወገቧ ላይ ካላሰመረባት ሁለቱ ይምታታሉ። እኔ ጋ ቶነሩ ሊያልቅ ሲል 8 ግራ ጎኗ ይገረጣና 3 ትመስላለች። እንደዚያ የወጣ ወረቀት አልሸጥም። ሰው በሌለ ጥፋት ምሽቱን ሙሉ ራሱን ሲወቅስ ማምሸት የለበትም።


የኮምቦልቻ ልጅ፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወፍራሙን መስመር ዛሬውኑ አደረግኩላቸው። የ45ቱን ምሳሌ ሲደምሩ ዝም ብለው ቆዩና "ልክ ብላለች" አሉ። ይሄ ከአባቴ አፍ በቀላሉ አይወጣም።

አሁን አንድ ነገር አሳዪኝ። ትናንት የተበላሸባቸውን ፎቶ አያይዣለሁ። አራተኛው አግድም 4፣ ባዶ፣ 9፣ 1፣ ባዶ፣ 6፣ 8፣ ባዶ፣ 3 ነበር። የቀሩት 2፣ 5 እና 7 ናቸው። ሁለተኛው ቁልቁል ላይ 5 አለ። አምስተኛው ቁልቁል ላይ ከላይ 7 አለ። ስምንተኛው ቁልቁል ላይ 2 አለ። አባባ በቅደም ተከተል 2፣ 5፣ 7 ብለው ሞሉ። በአግድምም በቁልቁልም ምንም አይጋጭም። ታዲያ ችግሩ እዚህ ነው ወይስ ሌላ ጋ?


ፎቶ ኮፒ ቤት ፒያሳ፦

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። እዚሁ ነው።

በአግድምና በቁልቁል ብቻ ስናይ የመጀመሪያው ባዶ ቤት 2 ወይም 7 ነው። መካከለኛው 2 ወይም 5 ነው። የመጨረሻው 5 ወይም 7 ነው። ስለዚህ ሁለት አሞላል ይቻላል፦ 2፣ 5፣ 7 ወይም 7፣ 2፣ 5። ሁለቱም አይጋጩም። አባትህ የመጀመሪያውን ያዙ። በዚያ ሰዓት "ምክንያቱም" ቢሉ ኖሮ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይቆም ነበር።

አሁን ሳጥኑን እይ። በስተቀኝ ካሉት የመካከለኛው ሳጥን። ስድስተኛው አግድም መጨረሻ ላይ አንተ ራስህ በጥቁር የገለበጥካት 7 አለች፣ የተሰጠች ናት። እሷ እያለች ከ8 እና ከ3 መሀል ያለው ቤት 7 ሊሆን አይችልም። ስለዚህ 5 ነው። 5 እዚያ ከገባች መካከለኛው 2 ይሆናል፣ የመጀመሪያው 7 ይሆናል። አለቀ፣ ግምት አላስፈለገም።

ልብ በል፣ ይሄ የሆነው ገና ብዙ ባዶ ቤት እያለ ነው። አባትህ ያዩት ግን መጨረሻ ላይ ነው፣ ያ ሳጥን አንድ ቤት ሲቀረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ነው። ሰው ግጭቱን ያየበት ቦታ ላይ ቆሞ ያፈጣል፣ ጥፋቱ ግን እዚያ የለም።

አንድ አግድም ላይ ሦስት ቤት ሲቀር እጅ ይቸኩላል። ይሄን በብዙ ወረቀት አይቻለሁ። ሙሉ ባዶ አግድም ላይ የሚጠነቀቅ ሰው "ይቺስ ልታልቅ ነው" ሲል ይለቀዋል።


ሆጤ ሰፈር፦

እኔም ደሴ ነኝ። ለአባትህ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። የዛሬውን ሱዶኩ መጀመሪያ ሠራው ተብሎ የሚታመነው ሃዋርድ ጋርንስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ጡረታ የወጣ አርክቴክት ነበር። እንቆቅልሹ እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ መጽሔት ላይ ሲወጣ ዕድሜው 74 ነበር። ጃፓን የገባው በ1984 ኒኮሊ በሚባለው አሳታሚ በኩል ነው። በ2004 መጨረሻ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ማተም ሲጀምር ዓለምን አዳረሰ። የጡረታ ሰው የፈጠረው ጨዋታ ነው በላቸው።

"የተበላሸ ነው" ለሚሉት ደግሞ፦ በአግባቡ የተሠራ ሱዶኩ መልሱ አንድና አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጋሪ ማክጓየር የተባለ የደብሊን የሒሳብ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በኮምፒውተር ፈትሾ፣ በ16 ቁጥር ብቻ ተጀምሮ አንድ መልስ ያለው ሱዶኩ እንደሌለ አሳይቷል። ትንሹ 17 ነው። ገልብጠህ ስትጨርስ ከ17 በታች ከቆጠርክ በእርግጠኝነት የረሳኸው አለ።


ሐረጎ ቁልቁለት፦

እህቴ ስለ ግምት ያልሽውን ለቀላሉ እቀበላለሁ። ከባድ የሚባለው ላይ ግን ምክንያት ያልቃል። ሁሉም ቤት ሁለትና ሦስት ምርጫ ይዞ ይቆማል። ያኔ ምን ይደረግ?


ፎቶ ኮፒ ቤት ፒያሳ፦

ምክንያት አያልቅም፣ ከጭንቅላት ወደ ወረቀት መውረድ አለበት እንጂ። እርሳስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በየባዶ ቤቱ ጥግ የሚሆኑትን ቁጥሮች ደቃቅ አድርጎ መጻፍ። ሰው ግን ይሄንንም ያበላሸዋል፣ እንዴት እንደሚያበላሸው ልንገርህ።

አንዳንዱ ገና ከመጀመሪያው 81ዱንም ቤት በደቃቅ ቁጥር ይሞላዋል። ወረቀቱ ይጠቁራል፣ ግልጽ የነበረው ሳይቀር ይጠፋል። መጀመሪያ ያለ እርሳስ የሚገኘውን ሁሉ ጨርስ። ሲቆም ብቻ ደቃቁን ጀምር፣ ከጀመርክ ግን ለሳጥኑ በሙሉ ጻፍ። ግማሹን ጽፈህ ግማሹን ከተውክ ያልጻፍክበት ቤት ባዶ ይመስልህና ከሒሳብ ታወጣዋለህ።

ከሁሉ የከፋው አለማጥፋት ነው። ትልቅ 8 ጽፈህ፣ በዚያው አግድም፣ ቁልቁልና ሳጥን ያሉትን ደቃቅ 8ዎች ሳታጠፋ ወደ ሌላ ከሄድክ ከዚያ በኋላ የምታነበው ሁሉ ውሸት ነው። ቁጥር ጻፍ፣ ወዲያው ሦስቱንም ዙር፣ አጥፋ። ሦስቱንም። ላጲስ ያልነካው ንጹሕ ወረቀት የሚያመጡልኝ ደንበኞች አሉ፤ ደቃቁ ሁሉ መጀመሪያ እንደተጻፈ ይገኛል። እንደዚያ ያለ ወረቀት ስህተቱን ፈልጌ ለማግኘት አፍታ አይፈጅብኝም።

ቀጥሎ ጥንዶቹ አሉ። በአንድ አግድም ሁለት ቤቶች ሁለቱም 2 እና 6 ብቻ ከያዙ፣ 2 እና 6 የእነሱ ናቸው። ከአግድሙ ከሌላው ቤት ሁሉ ይጠፋሉ። ሦስተኛው ቤት 2፣ 6፣ 8 ከነበረ አሁን 8 ነው። ይሄ ግምት የለበትም። ግን ብዙ ሰው አንዱ ቤት 2 እና 6፣ ሌላው 2፣ 6 እና 9 ሲሆን "ጥንድ ናቸው" ይላል። አይደሉም። ሁለተኛው ቤት 9 ከሆነ 2 ወይም 6 ሌላ ቦታ ትፈለጋለች፣ አንተ ግን አጥፍተሃታል። "ብቻ" የምትለዋን አጥብቀህ ያዝ።

ከየት እንደምታጠፋም ተጠንቀቅ። ጥንዶቹ አንድ ሳጥን ውስጥ ሆነው አንዱ አንደኛው፣ ሌላው ሦስተኛው አግድም ላይ ከሆነ፣ እና ቁልቁላቸውም ከተለያየ፣ ማጥፋት የሚቻለው ከሳጥኑ ብቻ ነው። አግድሙን አትንካ። አንድ ሳጥን ውስጥም ሆነው አንድ አግድም ላይም ከሆኑ ከሁለቱም ታጠፋለህ። የሚጋሩትን ብቻ ነው።

እነዚህን በትዕግሥት ያየ ሰው ጋዜጣና መጽሔት ላይ የሚወጣውን አብዛኛውን ያለ ግምት ይጨርሳል። ከዚያ በላይ የሚከብዱም አሉ፣ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። የኮምቦልቻው አባታችን ግን አሁን የሚያስፈልጋቸው እዚህ ድረስ ነው።


የኮምቦልቻ ልጅ፦

ስለ እርሳሱ ነገርኳቸው። መጀመሪያ "የሚጠፋ ጽሑፍ አልጽፍም" አሉ። ከዚያ ትልቁን በስክሪብቶ፣ ደቃቁን በእርሳስ በሚል ተስማማን። አሁን "ምክንያቱም" እያሉ ድምፃቸው ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።

የመጨረሻ ጥያቄ። ስህተት ከተገኘ በኋላስ? ሁለት 7 ሲያዩ አንዱን ሰርዘው ይቀጥሉ ወይስ ከመጀመሪያው ይጀምሩ?


ፎቶ ኮፒ ቤት ፒያሳ፦

ትልቁን በስክሪብቶ፣ ደቃቁን በእርሳስ ያሉት ጥሩ ዘዴ ነው። እኔም ለሌሎች እነግራለሁ።

ሁለት 7 ሲያዩ ቸኩለው አንዱን አይሰርዙ። መጀመሪያ ከሁለቱ አንዱ የተሰጠ መሆኑን ይዩ። የተሰጠው አይነካም፣ ስለዚህ ሌላው ነው ጥፋተኛው። እንደ ትናንቱ ማለት ነው። ሁለቱም የራሳቸው ከሆኑ የእያንዳንዱን ምክንያት በቃል ይበሉ፣ ምክንያት ያጣው ይወድቃል። ግን የወደቀውን ብቻ መሰረዝ አይበቃም። እሱን ተደግፈው የተጻፉ ሌሎች አሉ። ትናንት እንኳ 7ቷ ብቻ አልነበረችም፣ 2ም 5ም አብረው ተዛብተዋል። ከዚያ ቤት ጋር አንድ አግድም፣ አንድ ቁልቁል ወይም አንድ ሳጥን የሚጋሩትን እየተከተሉ እንደገና "ምክንያቱም" ማለት ነው። የቅርብ ጊዜ ስህተት ከሆነ በዚህ ይድናል።

ወረቀቱ ከግማሽ በላይ ከሞላና ማን ማንን እንደተደገፈ ካልታወሳቸው አይድከሙ። ከአዲስ ይጀምሩ። የተሰጡትን ብቻ በአዲስ ገጽ ገልብጥላቸው፣ ከስልኩ እንጂ ከተበላሸው ገጽ አትገልብጥ። የቆየችው የግልባጭ ስህተት አብራ እንዳትመጣ።

ወደ ደሴ ብቅ ስትል ደግሞ ሱቅ እለፍ። በኤ4 ወረቀት አንድ ገጽ ላይ አንድ ብቻ፣ ቁጥሩ ጎላ ያለ፣ የሳጥኑ መስመር የወፈረ፣ ለደቃቁ ቁጥር የሚበቃ ቤት ያለው አትምልሃለሁ። ብዙ ሰው ወረቀት ለመቆጠብ አራቱን በአንድ ገጽ ይላል፣ ለአባትህ ዓይን ግን አይሆንም። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ቅጂ ውሰድ።